ሦስት ሆነው የታሰሩ፥ ሁለት ሆነው የተፈቱ፤ ስለ ባለ ሦስት ፈትል ዲ ኤን ኤ መቅለጥ የቀረበ ትችት

ከሕንድ አገር ከቡባነስዋር የፊዚክስ ኢንስቲትዩትና ከኢጣልያ ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ የተባበሩ አራት ተመራማሪዎች፥ ጃያ ማጂ፥ ሶሜንድራ ባታቻርጂ፥ ፍላቪዮ ሴኖና አንቶንዮ ትሮቫቶ፥ በ2010 «ኒው ጆርናል ኦፍ ፊዚክስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አሳትመዋል። የጥናቱ ቃል ባጭሩ ይህ ነው፤ ሦስት የዲ ኤን ኤ ፈትሎች፥ ከመካከላቸው የትኞቹም ሁለቱ ብቻቸውን ተያይዘው ሊቆዩ በማይችሉበት ሙቀት፥ ሦስት ሲሆኑ ግን ታስረው ሊቆዩ ይችላሉ። ደራሲዎቹ ይህን ባሕርይ በኳንተም ፊዚክስ ከሚታወቀው ከኤፊሞቭ ሁኔታ ጋር አመሳስለው፥ በሕይወት ሳይንስ ውስጥ የተገኘ የኤፊሞቭ ውጤት አድርገው አቅርበውታል። መጽሐፈ መክብብ ስለ ሦስት ፈትል ገመድ የሚናገረውን፥ ወይም ስለ ድርና ስለ አንበሳ የሚተረተውን የሚያስታውስ አንባቢ በነገሩ ላይደነቅ ይችላል። ፊዚክስን የሚያጠና ሰው ግን ሊደነቅ ይገባዋል። ምክንያቱም እዚህ የተባለው «ሦስት ፈትል ከሁለት ይጠነክራል» ብቻ አይደለም። የተባለው፥ ሁለት ፈትል ምንም ጥንካሬ በሌለው ቦታ ሦስት ፈትል ጥንካሬ ያገኛል ነው።

እኛ ጥናቱን ያነበብነው በአድናቆት ነው፤ ደጋግመን ባነበብነው መጠን ግን ጥርጣሬያችን ከአድናቆታችን ጋር አብሮ አደገ። የሒሳቡ መንገድ ትክክል ነው። ነገር ግን «ዲ ኤን ኤ» የሚለው ስም በሒሳቡ ላይ የተለጠፈው ሞሌኪውሉ ራሱ በሚገባ ሳይጠየቅ ነው ብለን እናምናለን። ጉዳዩ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍንም ነበር። አንድ የላቦራቶሪ ተማሪ ነገ ባለ ሁለት ፈትሉ ቀልጦ ሲያልቅ ባለ ሦስት ፈትሉ ቀርቶ ቢያይ፥ «ኤፊሞቭን አገኘሁ» ብሎ ለመናገር ይህ ጥናት ይገፋፋዋል። እንዲህ ያለው ነገር ግን በ1964፥ ማለትም ኤፊሞቭ ሐሳቡን ከማውጣቱ 6 ዓመት በፊት፥ ታይቶ ታትሟል፤ ምክንያቱም ሌላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለማያውቁት አንባብያን የነገሩን መነሻ እናስታውስ። የዲ ኤን ኤ ሁለት ፈትሎች የሚያያዙት አዴኒን ከታይሚን፥ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር በመጣመራቸውና ጥንዶቹ እንደ ተደራረበ እንጀራ አንዱ ባንዱ ላይ በመነባበራቸው ነው። በጨዋማ ውሃ ውስጥ ሙቀቱ ከፍ ሲል ጥንዶቹ ይፈታሉ፤ ይህም መቅለጥ ይባላል። ማርመርና ዶቲ በ1962 እንዳሳዩት፥ በአንድ በተወሰነ የጨው መጠን፥ የመቅለጫው ሙቀት የጓኒንና የሳይቶሲን መቶኛ በ0.41 ተባዝቶ በ69.3 ላይ ሲደመር የሚገኘው ነው። ስለዚህ ግማሹ ጓኒንና ሳይቶሲን የሆነ ዲ ኤን ኤ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አጠገብ ይቀልጣል። መለኪያውም ቀላል ነው፤ የተፈቱ ቤዞች 260 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ከተጣመሩት ቤዞች አብልጠው ይመጥጣሉ። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የሚመጠጠው ብርሃን በአንድ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በሚበልጥ መጠን ከፍ ይላል፤ የዚህ ጭማሪ ሥዕል የመቅለጥ ኩርባ ይባላል።

ሙቀት ፈትሎቹን ከዳር እስከ ዳር ባንድ ጊዜ አይፈታቸውም። እዚህም እዚያም ይከፍታቸዋል፤ በሁለት የተጣመሩ ስፍራዎች መካከል የተከፈተውን ስፍራ ቀለበት እንበለው። ዳግላስ ፖላንድና ሃሮልድ ሼራጋ በ1966 ያስተዋሉት ትልቅ ነገር፥ የመቅለጥ ባሕርይ ሁሉ የሚወሰነው በቀለበቱ የኢንትሮፒ ዋጋ መሆኑን ነው። ቀለበቱ በረዘመ መጠን ሁለቱ ፈትሎች ተንከራትተው ተመልሰው የሚገናኙበት ዕድል ያንሳል። የማነሱም መጠን ቀለበቱን በርዝመቱ ርቢ በማካፈል ይገኛል፤ ርቢውን ሲ ይሉታል። ሲ ከ1 በታች ከሆነ እውነተኛ መቅለጥ የለም። ከ1 እስከ 2 ከሆነ መቅለጡ ቀስ በቀስ ነው፤ ወደ መቅለጫው ጫፍ ሲጠጉ ቀለበቶቹ ያለ ወሰን እየረዘሙ ይሄዳሉ። ሲ ከ2 ከበለጠ ግን መቅለጡ እንደ በረዶ መቅለጥ ድንገተኛ ነው፤ ፈትሎቹ የሚለያዩት ቀለበቶቹ አማካይ ርዝመታቸው ገና የተወሰነ ሳለ ነው።

እንግዲህ ሲ ስንት ነው? ፈትሉን ራሱን በራሱ ሳይሰማው የሚያልፍ ተንከራታች ካደረግነው 3/2 ነው። ማይክል ፊሸር በዚያው በ1966 ፈትል በራሱ ውስጥ ሊያልፍ እንደማይችል ቆጥሮ ወደ 1.76 አደረሰው። ከ34 ዓመት በኋላ፥ በ2000፥ ካፍሪ፥ ሙካሜልና ፔሊቲ አንድ የተዘነጋ ነገር ጨመሩ፤ ቀለበቱ የሚጨናነቀው በራሱ ብቻ ሳይሆን ከርሱ ወዲያና ወዲህ ባለው ቀሪ ሰንሰለት ጭምር ነው። በዚህ ስሌት ሲ 2.115 ያህል ሆነ፤ መስመሩም ተሻገረ፤ መቅለጡ ድንገተኛ ሆነ። ካርሎን፥ ኦርላንዲኒና ስቴላ በ2002 በኮምፒዩተር ያገኙትም 2.14 ከዚህ የራቀ አይደለም። ይህን ያህል የዘገየነው ኋላ ስለምንፈልገው ነው።

አሁን ወደ ኤፊሞቭ እንምጣ። ቪታሊ ኤፊሞቭ በ1970 ስለ ሦስት የኳንተም ቅንጣቶች ያሳየው፥ ሁለቱ ሊያያዙ ጫፍ ላይ ደርሰው ነገር ግን ሳይያያዙ በሚቆሙበት ቦታ፥ ሦስቱ ማለቂያ የሌለው የእስር ደረጃዎች መሰላል እንዳላቸው ነው። ሦስቱ ቅንጣቶች አንድ ዓይነት ከሆኑ እያንዳንዱ ደረጃ ከፊተኛው 22.7 ጊዜ ይሰፋል፤ እስሩም 515 ጊዜ ይላላል። ሐሳቡ ለ36 ዓመት ያህል ማስረጃ ሲጠብቅ ኖሮ፥ በ2006 በኢንስብሩክ የሩዶልፍ ግሪም ቡድን እጅግ በቀዘቀዘ የሲዚየም ጋዝ ውስጥ አየው። ከቀዘቀዘ ጋዝ ወደ ሞቀ ዲ ኤን ኤ መሻገር ሩቅ ይመስላል፤ በሒሳብ ግን ቅርብ ነው። የለስላሳ ፈትል ቅርጾች ሁሉ የሚደመሩበት ድምር፥ የኳንተም ቅንጣት መንገዶች ከሚደመሩበት ድምር ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የፈትሉ ርዝመት የጊዜን ቦታ ይይዛል። የሁለት ፈትሎች መቅለጫ የሁለት ቅንጣቶች የመያያዝ ጫፍ ይሆናል። እንግዲያው ሦስት ቅንጣት ያለው ነገር ሁሉ ለሦስት ፈትል ሊነገር ይቻላል።

ደራሲዎቹ የሰጡት የመጠን ክርክርም ውብ ነው። ሁለት ፈትሎች በአንድ ርቀት ተለያይተው ይቁሙ። ሦስተኛው፥ በተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች መካከል እንደሚመላለስ ሽማግሌ፥ አንዴ ከአንዱ፥ አንዴ ከሌላው ጋር እየተነካካ ይመላለሳል። በነጻ የሚንከራተት ፈትል ያን ርቀት ለመሻገር የርቀቱን ካሬ የሚያህል ርዝመት ይፈጅበታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የርዝመት አሃድ የሚገኘው የመሳሳብ ጥቅም ከርቀቱ ካሬ ጋር በግልባጭ የሚመጣጠን ነው። የኤፊሞቭ መሳሳብም ልክ እንዲህ ያለ ነው። ከዚህ የበለጠ አጭርና ግልጽ ማስረጃ ለአንድ ፊዚክስ ተማሪ ሊሰጥ የሚችል አይመስለንም።

የመጀመሪያው ተቃውሟችን የሚነሳው ከዚሁ ውበት ነው። ሽማግሌው ሊመላለስ የሚችለው ረጃጅም ቀለበቶች ሲኖሩ ነው፤ ይኸውም ሲ ከ2 ሲያንስ፥ መቅለጡም ቀስ በቀስ ሲሆን ነው። ክርክሩ ፈትሉን በነጻ የሚንከራተት አድርጎ ሲወስድ ሲን 3/2 ላይ አስቀምጧል። የ2000ው ስሌት እውነት ከሆነ ግን ባለ ሁለት ፈትሉ ቀለበቶቹ ሳይረዝሙ ባንድ ጊዜ ስለሚለያይ፥ የሚመላለስበት ሜዳ አይኖርም። ይህን ስናገኝ ትችታችን እዚህ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር። ቁጥሩን ብናሰላው ግን እንዳሰብነው አልሆነም። በመቅለጫው ጫፍ ላይ ከአንድ ርዝመት በሚበልጡ ቀለበቶች ውስጥ የሚገኙት ቤዞች ድርሻ የሚያንሰው ርቢው 0.115 በሆነ እጅግ ዘገምተኛ መንገድ ነው፤ ርዝመቱን ከ1 ወደ 1,000 ብናሳድገው እንኳ ድርሻው የሚወርደው ወደ 0.45 ብቻ ነው። ማለት፥ በንድፈ ሐሳብ ድንገተኛ የሆነው መቅለጥ በሺህ ቤዝ መለኪያ ሲታይ ቀስ በቀስ ከሆነው ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ይህን ተቃውሞ እንደ ጥያቄ እንጂ እንደ ፍርድ አናቀርበውም፤ አንባቢ ከኛ በሚሰማው ላይ ሚዛን እንዲያደርግ ስንል ግን አልደበቅነውም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። የሒሳቡ ሦስት ፈትሎች እኩያሞች ናቸው፤ የሞሌኪውሉ ሦስት ፈትሎች ግን እኩያሞች አይደሉም። በባለ ሦስት ፈትል ውስጥ አንዱ ፈትል፥ አዴኒን የተሸከመው እንበል፥ ከሁለቱም ጋር ይያያዛል። ከአንደኛው ጋር የሚያያዘው ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ባሳዩት መንገድ ነው፤ ከሌላኛው ጋር በጎኑ፥ ሁግስቲን በ1963 በክሪስታል ባሳየው ሌላ ጥምረት ነው። ሁለቱ ታይሚን ተሸካሚዎች ግን እርስ በርሳቸው አይያያዙም። አቅጣጫም አለ፤ በዋትሰንና በክሪክ ጥምረት ሁለቱ ፈትሎች ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ይሄዳሉ፤ በዚህ ዓይነቱ የሁግስቲን ጥምረት ግን ሦስተኛው ከአዴኒኑ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። አንዱ ፈትል የሌላውን ቦታ ይውሰድ ቢባል አቅጣጫው ይከለክለዋል።

ይህ ለኤፊሞቭ ምን ማለት ነው? የኤፊሞቭ መሰላል እንዲኖር ከሦስቱ ጥንዶች ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ጊዜ በመቅለጫቸው ጫፍ ላይ ሊቆሙ ይገባል። በሞሌኪውሉ ግን የዋትሰንና የክሪክ ጥምረት አንድ ጥንካሬ፥ የሁግስቲን ጥምረት ሌላ ጥንካሬ አለው። ባለ ሁለት ፈትሉ ሊቀልጥ ሲደርስ የሁግስቲን ጥምረት ብቻውን ከሆነ አስቀድሞ ተፈትቶ ይገኛል፤ አንድ ጥንድ ብቻ ጫፍ ላይ ሲቆም መሰላል አይኖርም። በጨውና በአሲድ መጠን ሁለቱን አጣጥመን አንድ ሙቀት ላይ አገናኘናቸው እንበል። ያን ጊዜም ሁለት ጥንዶች እንጂ ሦስት ስላልሆኑ፥ ፈትሎቹ እኩል ልስላሴ አላቸው ብንል እንኳ፥ 22.7 የሚለው ቁጥር ይቀርና በቦታው 1,986 ይገባል። ይህ ቁጥር ከሦስት ቅንጣት ንድፈ ሐሳብ የታወቀ ነው፤ እኛ ያደረግነው ወደ ፈትል ማዞር ብቻ ነው። ርዝመት በስፋት ካሬ ስለሚሄድ፥ የመጀመሪያው ደረጃ 10 ቤዝ በሚያህል ቀለበት ቢጀምር ሁለተኛው ደረጃ ከ39 ሚሊዮን በላይ ቤዝ የሚፈልግ ይሆናል። እኩያሞቹ ሦስት ፈትሎች የሚፈልጉት 5,150 ብቻ ነበር።

ባለ ሦስት ፈትል የሚሠራው ደግሞ በየትኛውም ቅደም ተከተል ላይ አይደለም። አንደኛው ፈትል አዴኒንና ጓኒን ብቻ እየደጋገመ በሚሄድበት ስፍራ ነው፤ ሦስተኛው ፈትል ሳይቶሲን ካለበትም ውሃው አሲድነት ያስፈልገዋል። በሰው ጂኖም ውስጥ እጅግ ከተጠኑት እንዲህ ያሉ ስፍራዎች አንዱ ፍሪድራይክ አታክሲያ በተባለው የነርቭ ሕመም የሚረዝመው፥ ጓኒን፥ አዴኒን፥ አዴኒን እያለ የሚደጋገመው ስፍራ ነው። ድግግሞሹ በሕሙማን ዘንድ በመቶዎች ይቆጠራል፤ አንዳንዴም ከሺህ ያልፋል፤ ይህም 3,000 ቤዝ ያህል ማለት ነው። ከ3,000 እስከ 39 ሚሊዮን ያለውን ርቀት አንባቢ ራሱ ይመልከት። እርግጥ ነው፥ ለመጀመሪያው የእስር ደረጃ መሰላሉ ሁሉ አያስፈልገውም። ነገር ግን መሰላሉ ከሌለ የቀረውን አንድ ደረጃ ኤፊሞቭ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ሦስት ነገሮች ሁለት ሆነው ሳይያያዙ ሦስት ሆነው የሚያያዙባቸው ተራ ምክንያቶች ብዙ ናቸው።

ከተራዎቹ ምክንያቶች አንዱን ከታሪክ እናምጣ። ባለ ሦስት ፈትል በሳይንስ የተወለደው በስሕተት ነበር፤ ፖሊንግና ኮሪ በ1953 መጀመሪያ ላይ ዲ ኤን ኤን ባለ ሦስት ፈትል አድርገው፥ ፎስፌቶቹን መካከል ላይ ሰብስበው ሥለውት ነበር። ዋትሰንና ክሪክ ከጥቂት ወራት በኋላ ያንን ሻሩት። በ1957 ግን ፌልሰንፌልድ፥ ዴቪስና ሪች አዴኒን ብቻ የተሸከመ ፈትልና ዩራሲል ብቻ የተሸከመ ፈትል በማግኒዚየም ጨው ውስጥ ሲቀላቅሉ፥ የሚመጠጠው ብርሃን እጅግ የሚያንሰው አንድ እጅ አዴኒን ከሁለት እጅ ዩራሲል ጋር ሲገናኝ መሆኑን አገኙ። እውነተኛው ባለ ሦስት ፈትል ይህ ነበር። ፈትሎቹ የአር ኤን ኤ ቤተሰብ ናቸው፤ ለመለኪያ ግን ከተፈጥሮ ዲ ኤን ኤ ይልቅ የጠሩ ስለሆኑ እዚህ ላይ የተሻሉ ምስክሮች ናቸው።

ከዚያ በ1964 ስቲቨንስና ፌልሰንፌልድ አንድ እንግዳ ነገር አሳተሙ። አንድ እጅ አዴኒን ከአንድ እጅ ዩራሲል ጋር የተጣመረበትን ባለ ሁለት ፈትል፥ ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ሲያሞቁት፥ ወደ ነጠላ ፈትሎች አልቀለጠም። ወደ ባለ ሦስት ፈትልና ወደ ነጠላ አዴኒን ፈትል ተለወጠ። ሙቀቱ ይበልጥ ሲጨምር ብቻ ባለ ሦስት ፈትሉ ራሱ ወደ ሦስት ነጠላ ፈትሎች ተበተነ። ጨው ባነሰበት ውሃ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሦስተኛው ፈትል አስቀድሞ ይወድቃል፥ ባለ ሁለት ፈትሉ ኋላ ይቀልጣል። ስሙን ሳይጠይቅ የመጀመሪያውን ኩርባ የሚያይ ሰው «ባለ ሁለቱ በሌለበት ሙቀት ባለ ሦስቱ አለ» ይላል። የ2010ሩ ጥናትም ቃል በቃል የሚለው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ይህ የቀለበቶች መንከራተት ሳይሆን የሒሳብ መዝገብ ጉዳይ ነው። እኩል ቁጥር ያላቸው የአዴኒንና የዩራሲል ቤዞች አሉን እንበል፤ እያንዳንዳቸው መቶ። ሁሉም ባለ ሁለት ፈትል ቢሆኑ መቶ ጥንድ እናገኛለን። ሁሉም ዩራሲል ወደ ባለ ሦስት ፈትል ቢገባ 50 ሦስትዮሽ እናገኛለን፥ 50 አዴኒን ያለ ጓደኛ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ሦስትዮሽ ነጻ ጉልበት ትርፍ ከአንድ ጥንድ ትርፍ ከእጥፍ በላይ ከሆነ ተፈጥሮ ሁለተኛውን ትመርጣለች። አሁን ሙቀቱን እንጨምር። ወደ መቅለጫው ሲጠጋ የጥንዱ ትርፍ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የዜሮም እጥፍ ዜሮ ነው። የሦስትዮሹ ትርፍ በዚያ ሙቀት ላይ ትንሽ እንኳ ቢተርፍ፥ መስመሮቹ የሚሻገሩት ባለ ሁለት ፈትሉ ከመቅለጡ በፊት ነው። ስለዚህ ባለ ሦስት ፈትሉ ከባለ ሁለት ፈትሉ መቅለጫ አልፎ በሚቆይበት በማንኛውም ድብልቅ፥ እኩል በእኩል ከተቀላቀለ፥ የ1964ቱ ለውጥ ግዴታ ነው። የቆይታው ምክንያት ኤፊሞቭ ይሁን ተራ የሁግስቲን ትስስር፥ መዝገቡ አይለይም። በጨው የተሸፈነው የፈትሎቹ አሉታዊ ሙል ሲቀንስ የሁግስቲን ትስስር ጠበቅ ይላል፤ ለ1964ቱ ውጤት ይህ ብቻ ይበቃዋል።

ከዚህ ለላቦራቶሪ የሚወጣው ነገር ከባድ ነው፤ የመቅለጥ ኩርባ ብቻውን ለኤፊሞቭ ምስክር ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ከዚህ የባሰ አለ። የ1964ቱ ባለ ሦስት ፈትል ጠባብና ሥርዓት ያለው ነው፤ ቤዞቹ ሁሉ ተጣምረዋል፥ ስለዚህም በብርሃኑ ይታያል። የኤፊሞቭ ፈትል ግን፥ በራሱ ንድፈ ሐሳብ መሠረት፥ ልቅ ነው፤ አብዛኛው ርዝመቱ የተከፈተ ሲሆን የሚነካካው አልፎ አልፎ ነው። በ260 ናኖሜትር ሲታይ ከተበተኑ ነጠላ ፈትሎች ብዙም አይለይም። ዋናው መሣሪያችን ለዚህ ነገር ዕውር ነው ማለት ነው። የሚያሳየን ኤፊሞቭ ያልሆነውን ነው፤ ኤፊሞቭ የሆነውን ደግሞ አያየውም። ይህን የሚያህል ነገር በ2010ሩ ጥናት ውስጥ በአንድ አንቀጽ ቢነሳ እንመርጥ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር በቸልታ እንዳናልፈው እንጂ ትንሽ አይደለም። በስሌቱ ውስጥ ሦስቱ ፈትሎች በአንድ ጫፍ አብረው የታሰሩ ናቸው፤ በብርጭቆ ውስጥ ግን ተበትነው ይዋኛሉ። ተገናኝተው ለመቆየት የመዋኘት ነጻነታቸውን መተው አለባቸው። በአንድ ሊትር አንድ ሚሊዮንኛ ሞል ፈትል ባለበት ውሃ የዚህ ዋጋ በሙቀት ጉልበት አሃድ ሲቆጠር ለአንድ ፈትል 13.8 ያህል ነው፤ ሁለት ፈትሎች ከአንዱ ጋር ሲጨመሩ 27.6 ይሆናል። ፈትሉ 3,000 ቤዝ ካለው እያንዳንዱ ቤዝ ከ0.009 አሃድ በላይ ማዋጣት አለበት። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የኤፊሞቭ እስር በተፈጥሮው እጅግ የላላ ስለሆነ ይህን ትንሽ መዋጮ እንኳ ላያሟላ ይችላል። መድኃኒቱ ሦስቱን ፈትሎች ጫፋቸው ላይ በኬሚካል ማያያዝ ነው፤ ያን ጊዜ ሞሌኪውሉ ስሌቱን ይመስላል።

ስለ ባለ አራት ፈትልም ሊጠየቅ ይችላል። ጌለርት፥ ሊፕሴትና ዴቪስ በ1962 ጓኒን አራት አራት ሆኖ አደባባይ እንደሚሠራ አሳይተዋል፤ ፖታሲየምም መካከል ላይ ገብቶ ያጸናዋል። ይህ ግን ከጥንድ በጥንድ መሳሳብ የሚወጣ ነገር አይደለም፤ አራቱ በአንድነት ካልተገኙ አደባባዩ የለም። ስለዚህ ለያዝነው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። እንዲያውም ጓኒን የበዛባቸው ፈትሎች ሳይጠሩ ስለሚሰበሰቡ ፈተናውን ያበላሻሉ፤ ለፈተናው አዴኒንና ታይሚን ብቻ ቢመረጡ ይሻላል።

ፈተናው ምን መሆን እንዳለበትም ሳንናገር ብንቀር ትችታችን ጎዶሎ ይሆናል። ሁለት መሣሪያዎች ጎን ለጎን ይቁሙ፤ አንዱ አልትራቫዮሌት ብርሃን እየለካ ስንት ቤዝ እንደተጣመረ ይንገረን፥ ሌላው የብርሃን መበተንን እየለካ ስንት ፈትል በአንድነት እንደሚዋኝ ይንገረን። ተራ ባለ ሦስት ፈትል ሲቀልጥ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ሙቀት አጠገብ አብረው ይለወጣሉ። ኤፊሞቭ ካለ ግን የመጀመሪያው «ቀልጧል» እያለ ሁለተኛው «ሦስቱም አብረው ናቸው» የሚልበት የሙቀት ክልል ሊገኝ ይገባል። በዚያው ሙቀትና በዚያው ጨው፥ ሁለት ሁለቱ ፈትሎች ለየብቻ ሲቀርቡ፥ ሁለቱም መሣሪያዎች «ተለያይተዋል» ማለት አለባቸው። ጫፋቸው ለተያያዘ ፈትሎች የመበተን መለኪያው ቁጥራቸውን ስለማይለይ፥ በርሱ ፈንታ በሌሎቹ ጫፎች ላይ በተተከሉ ሁለት የሚያበሩ ቀለሞች መካከል ያለውን ርቀት መለካት ይቻላል። የክልሉ ስፋት ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ቢሆን አይደንቀንም። እንዲህ ያለ ክልል በጥንቃቄ ተለክቶ ከታየ፥ ስለ አቅጣጫና ስለ ሁግስቲን ጥምረት ከላይ የጻፍነውን ሁሉ በዚሁ መጽሔት ላይ ለማረም ዝግጁዎች ነን።